ባለአክሲዮኖቹ ለምን ጀርባ ሰጡኝ? ለአንድ የወተት ማቀነባበሪያ መሥራች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። በ2013 መጨረሻ 26 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ቢሾፍቱ አካባቢ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ዘመድ አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለ። ሁሉም ሊያዋጡ ከፈረሙት ገንዘብ ግማሹን ከፈሉ፣ ቀሪውን በሁለተኛ ዙር ሊከፍሉ ተስማሙ። መሥራቹና ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራ እንደሚኖር ከጅምሩ ተናግሬያለሁ። ሽያጫችን እያደገ ነው። አሁን ቀሪውን ክፈሉ ስላቸው ግማሾቹ አንከፍልም አሉ፣ የቀሩት ገንዘባችን ይመለስ ይላሉ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ስልኬን ማንሳት ትቷል። አልሰረቅኩም፣ አልተኛሁም። ለምንድን ነው እምነት ያጡብኝ?»

ወንድሜ፣ አልሰረቅኩም ያልከውን አምኜ ነው የምጀምረው። የትናንሽ ኩባንያዎችን ሂሳብ ማየትና ማማከር ሥራዬ ነው። እንዳንተ ባለ ጭቅጭቅ ውስጥ ሌባ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ቀን ከሌት የሚሮጥ ሥራ አስኪያጅና ከወሬ በቀር ምንም የማይደርሳቸው ባለአክሲዮኖች ናቸው።

እቅጩን ልንገርህ። ያኮረፉት ስለከሰርክ አይመስለኝም። ኪሳራ እንደሚኖር ነግረሃቸዋል፣ እነሱም ተስማምተው ነው የገቡት። ያኮረፉት የመጀመሪያው ገንዘብ ምን እንደሠራ በደንብ ሳይገባቸው ሁለተኛውን ስለጠየቅካቸው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ጭቅጭቁም ሐሜቱም ስልክ አለማንሳቱም፣ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ እነሱ ያሉበትን ቦታ ተመልከት። የአንተ ባለአክሲዮን ቢከፋው የት ይሸጣል? አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን ቀድሞ አስመዝግቦበታል። ለ26 ሰው የወተት ማኅበር ግን ያ በር ገና ሩቅ ነው። ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ «አክሲዮኔን ግዛኝ» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትርፍ ከፍሎ ያውቃል?» የሚለው ነው። ስለዚህ ድርሻው ስንት እንደሚያወጣ አያውቅም፣ ልሽጥ ቢልም ገዢ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው እጁ ላይ የቀረው አንተን ማመን ብቻ ነው፤ ያ ሲሸረሸር ሌላ የሚያደርገው ስለሌለው ይጮኻል፣ ወይም ዝም ብሎ ይጠፋል። የአጎትህ ልጅ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

አሁን «ሽያጫችን እያደገ ነው» ወዳልከው እንምጣ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ሳትጎዳህ አልቀረችም። በብር ነው ያደገው ወይስ በሊትር? እንበል አምና 300 ሺህ ሊትር ወተት በ60 ብር ሸጥክ፣ 18 ሚሊዮን ብር። ዘንድሮ 240 ሺህ ሊትር በ90 ብር ሸጥክ፣ 21.6 ሚሊዮን ብር። ሪፖርትህ ላይ ሽያጭ በ20 በመቶ አደገ ተብሎ ይጻፋል። የሸጥከው ወተት ግን በ20 በመቶ ቀንሷል። ባለአክሲዮንህ የሂሳብ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ሱቅ ይገባል፣ የወተት ዋጋ ያያል፣ ሰፈሩ ውስጥ የእናንተ ምርት ከመደርደሪያ ላይ እየጠፋ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ጉባኤ ላይ «አደግን» ስትለው በልቡ ምን እንደሚል ገምት። ውሸት አልተናገርክም፣ ግን ያየውንና የሰማውን ማስታረቅ አቃተው። ከዚያ በኋላ የምትናገረውን እውነት ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

የጾሙ ነገርም አለ። የወተት ሥራ እዚህ አገር እንደ ሌላው ሥራ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አለ፣ የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ላሟ አትጾምም፤ ገበሬው ወተቱን ያመጣል፣ ገበያው ግን ይቀዘቅዛል። የመጋቢት ሪፖርትህን ከጥር ጋር ካነጻጸርክ ኩባንያው የሞተ ይመስላል፤ የግንቦትን ከመጋቢት ጋር ካነጻጸርክ ደግሞ ተአምር የተሠራ ይመስላል። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ሳያስቡት ደስ የሚለውን ወር እየመረጡ ይናገራሉ። ባለአክሲዮኑ አንዴ ሲነቃባቸው አለቀ። ዐቢይ ጾምን ከአምናው ዐቢይ ጾም ጋር፣ ፋሲካን ከአምናው ፋሲካ ጋር እያነጻጸርክ አቅርብ፤ ጾሙ በየዓመቱ ቀኑ እንደሚንቀሳቀስም አትርሳ።

ስለ አጎትህ ልጅ ደግሞ ለብቻው ላንሳ፣ ምክንያቱም አብዛኛው መሥራች ይህን ልብ አይለውም። በ2013 መጨረሻ አንድ ዶላር በባንክ 44 ብር ገደማ ነበር። 10 ሺህ ዶላር ልኮ ከሆነ 440 ሺህ ብር ሆኖ ነው የተመዘገበለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር ከ120 ብር በላይ ገባ። በ125 ብር ብታሰላው ያቺ 440 ሺህ ብር 3,520 ዶላር ናት። ኩባንያህ አንዲት ሳንቲም ባይከስር እንኳ እሱ በሚያስብበት ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። እሱ ሜሪላንድም ይኑር ሌላ ቦታ የሚሠራው በዶላር፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው በዶላር ነው። «ድርሻህ እንዳለ ነው» ስትለው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ይህ የአንተ ጥፋት አይደለም። ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ «የገንዘብህ ዋጋ በዶላር ሲታይ እንዲህ ሆኗል፣ ይገባኛል» ካላልከው፣ ሙሉ ኪሳራውን ባንተ ሂሳብ ላይ ነው የሚጽፈው።

አገር ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ የራሳቸው ስሌት አላቸው። በ2014 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ባንተ ኩባንያ ፋንታ ሲሚንቶ የገዛ፣ መሬት የገዛ፣ ወርቅ የገዛ ዘመድ አላቸው፤ በየሰርጉና በየለቅሶው ያገኙታል። እያነጻጸሩ ነው። ይህን ማስቀረት አትችልም፣ ግን እንዳለ ማወቅ ይገባሃል።

የምንዛሪው ለውጥ ኩባንያውንም ሳይነካ እንዳልቀረ እገምታለሁ። የማሸጊያ ፕላስቲኩ፣ የእርጎ ኩባያው፣ የማሽኑ መለዋወጫ ከውጭ ከሆነ ወጪህ በአንዴ ነው የናረው። ባንክም ዘንድ ብትሄድ መያዣ ይጠይቅሃል፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦት ስለነበር ለትንሽ ኩባንያ የሚተርፍ ብድር ጠፍቶ ነበር። ይህ ሁሉ በቂ ምክንያት ነው። ጥያቄው ባለአክሲዮኖችህ በወቅቱ ከአንተ አፍ ሰምተውታል ወይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ 2016 አንድ ገጽ ጽፈህ «የማሸጊያ ዋጋ ከዚህ ወደዚህ ሄደ፣ በሊትር ይህን ያህል ጨመረብን፣ እንዲህ ልናደርግ አስበናል» ብለህ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ግማሾቹ ዛሬ ከጎንህ ይሆኑ ነበር። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ስትጠይቅ ከነገርካቸው ግን ሰበብ ነው የሚመስለው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ፤ የኩባንያውን ስም ልተወው። ጉባኤ ላይ የገቢና ወጪ ሪፖርት ተነበበ። ከወጪዎቹ መካከል «ልዩ ልዩ» የሚል አንድ መስመር አለ፣ 1.3 ሚሊዮን ብር። አንዲት መምህርት ባለአክሲዮን እጇን አወጣችና «ልዩ ልዩ ማለት ምን ምን ነው?» አለች። በትህትና ነው የጠየቀችው። ሥራ አስኪያጁ «ዝርዝሩ በኋላ በጽሑፍ ይደርሳችኋል» አለና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። ዝርዝሩን እኔ በኋላ አየሁት። የጄኔሬተር ጥገና፣ ናፍጣ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ክፍያ፣ ለተበላሸ ምርት ለሱቆች የተመለሰ ገንዘብ። ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ደረሰኝ አለው። ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ያ ወረቀት ለመምህርቷ አልደረሳትም። በሚቀጥለው ዓመት ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ቀረ፣ ሁለተኛ ጥሪ ተደረገ፣ የመጡት ደግሞ ጠበቃ ይዘው መጡ። አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነበር የቀረው!

ስለዚህ እስቲ የራስህን ደብተር ክፈት። ሰስፔንስ የሚባለው ሂሳብ ላይ ስንት ብር ተንጠልጥሏል? ማንም ምን እንደሆነ ሳይወስን እዚያ የተወረወረ ገንዘብ ለባለአክሲዮን ዓይን እንደ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ከዚያ በአንተና በኩባንያው መካከል ያለውን ሂሳብ ተመልከት። ደመወዝ ሲያጥር ከኪስህ ከፍለህ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከኩባንያው ወስደህ ለራስህ ከፍለህ ይሆናል። ትንንሽ ኩባንያ ውስጥ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብድሩ ውል ከሌለው፣ ቦርዱ ካላወቀው፣ ለኩባንያው የከፈልከውም ቢሆን እንደ ጨዋታ ነው የሚታየው። ወተት የሚያመላልሰው መኪና የወንድምህ ነው? ከሆነ በግልጽ ጻፈው፣ ከሌሎች አጓጓዦች ዋጋ ጋር አስተያይተህ አቅርበው። እኔ ካየኋቸው ውስጥ እምነት በአንድ ጀምበር የሚፈርሰው በትልቅ ኪሳራ አይደለም፤ ባለአክሲዮኑ የራሱን ገንዘብ ከሥራ አስኪያጁ ገንዘብ ለይቶ ማየት ሲያቅተው ነው።

አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅህ፤ አንተ ራስህ ሁለተኛውን ዙር ከፍለሃል? ካልከፈልክ፣ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ውሃ አያነሳም። መጀመሪያ አንተ ክፈል፣ ደረሰኙንም ከሪፖርቱ ጋር አያይዘው።

ሌላው ወሬ የሚወጣበት ቀዳዳ የጡረታና የግብር ጉዳይ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ የሚያዘገየው የማይጮኸውን ነው። ገበሬው በየ15 ቀኑ ካልተከፈለው ወተቱን ለሌላ ይሰጣል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ካልደረሰው ይወጣል። የጡረታ መዋጮ ግን ዝም ይላል፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶና ከአሠሪው የሚጨመረው 11 በመቶ ለወራት ሳይገባ ይቆያል። ከደመወዝ የተቆረጠው የሥራ ግብርም እንደዚያው። ያ ገንዘብ የኩባንያው አይደለም፣ ቅጣትና ወለድ እየጨመረ ነው የሚጠብቅህ። ከዚያ የንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነፃ ነህ የሚለው ማረጋገጫ፣ ሲከለከል ነገሩ ይፈነዳል፤ ሂሳብ ሠራተኛዋ ትለቅቃለች፣ ከባለአክሲዮኖቹ የአንዱ እህት ታውቃታለች፣ በሳምንቱ 26ቱም ሰምተዋል። ከአንተ ሳይሆን ከሰው መስማታቸው ነው ችግሩ። እንዲህ ያለ ዕዳ ካለ ዛሬውኑ አውጥተህ ተናገር።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ሁለተኛው ገንዘብ ኩባንያውን ያድነዋል ወይስ አብሮ ይጠፋል? ባለአክሲዮኖችህ አፍ አውጥተው ባይሉትም የሚጠይቁት ይህንን ነው። ናይሮቢ ውስጥ ኩኔ ፉድ የሚባል የተዘጋጀ ምግብ የሚያደርስ ጀማሪ ኩባንያ ነበር። በ2013 አንድ ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ ተነሳ፣ በሰኔ 2014 ተዘጋ። ደንበኛ አላጣም ነበር። መሥራቹ ሲዘጋው በግልጽ የተናገረው አንዱን ምግብ በ3 ዶላር መሸጥ ሥራውን ለማሳደግ እንዳልበቃ ነው፤ የምግብ ዋጋ ናረ፣ አዲስ ባለሀብትም አልተገኘም። አዲስ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው የሚያየው አንዱ ምግብ፣ አንዱ ሊትር ሲሸጥ ምን እንደሚተርፍ ነው።

የአንተንም እንዲሁ እናስላው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው፣ አንተ በራስህ ተካቸው። ጥሬ ወተት በሊትር 55 ብር፣ ማጓጓዝና ማቀዝቀዝ 6፣ ማሸጊያ 14፣ መብራትና ናፍጣ 5፣ ቀኑ አልፎበት ከሱቅ የሚመለሰው ሲካፈል 4 ብር። ድምሩ 84። ለሱቅ በ90 ትሸጣለህ። 6 ብር ተረፈ። 15 ሠራተኛ በአማካይ 12 ሺህ ብር በወር ቢከፈለው በዓመት 2.16 ሚሊዮን ብር ነው። ይህን በ6 ብር ለመሸፈን 360 ሺህ ሊትር መሸጥ አለብህ፣ በቀን ወደ አንድ ሺህ ሊትር። አሁን የምትሸጠው 240 ሺህ ከሆነ በዓመት 720 ሺህ ብር ትከስራለህ ማለት ነው። ይህ ተስፋ ያለው ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም መጠኑ ሲጨምር ይጠፋል። ግን ማሸጊያው 14 መሆኑ ቀርቶ 21 ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ ሊትር አንድ ብር እየጠፋህ ነው፤ ያኔ በሸጥክ ቁጥር ነው የምትከስረው፣ የሰው ገንዘብም ባትጨምርበት ይሻላል። እነዚህን ሁለት ኪሳራዎች ባለአክሲዮኖችህ ለይተው እንዲያዩ አድርገሃል? ሪፖርትህ ላይ ሁለቱም «ኪሳራ» ተብለው ነው የሚታዩት።

ምን ላድርግ ለምትለው፣ ገንዘብ መጠየቁን ለጊዜው ተወው። የፈረሙትን እንዲከፍሉ በሕግ ማስገደድ ትችል ይሆናል፣ ግን አክስትህን ፍርድ ቤት አቁመህ የምትገነባው ኩባንያ የለም። በሕጉ መሠረት ጉባኤ ጥራ፤ ከጉባኤው በፊት ወረቀቱ ለሁሉም ይድረስ፣ ውጭ ላሉትም። የኩባንያው ሠራተኛ ያልሆነው ኦዲተር ራሱ ተገኝቶ ያስረዳ፣ አንተ ስለራስህ ሂሳብ ብቻህን አትመስክር። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ገንዘብ በምን በምን እንደወጣ፣ በሊትር ስንት እንደሚተርፍ፣ ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያስኬድ፣ የግብርና የጡረታ ዕዳው፣ ካንተና ከቤተሰብህ ጋር ያለው ሂሳብ ይኑርበት። ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የማይደፍረውን ጻፍ፤ በየትኛው ወር፣ በስንት ሊትር ላይ ካልደረስን ሥራውን እናቆማለን የሚለውን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የካፒታሉ ሦስት አራተኛ ሲጠፋ ዳይሬክተሮች ጉባኤ ጠርተው ኩባንያው ይቀጥል አይቀጥል እንዲያስወስኑ ያዝዝ ነበር። የዚያ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን አንተ ሦስት አራተኛው እስኪያልቅ አትጠብቅ። ማቆሚያ መስመሩን ራስህ ስታሰምር ሰው ገንዘቡ እስከ መጨረሻ እንደማይነድ ያያል።

ገንዘባችን ይመለስ ለሚሉት፣ በስውር ለአንዱ እንዳትከፍል። ይህን አበክሬ ነው የምልህ። በጣም የጮኸውን ዝም ለማሰኘት ከኩባንያው አውጥቶ መክፈል የተለመደ ነው፤ ሲሰማ ግን የቀሩት 25ቱ በበርህ ይሰለፋሉ። ደግሞም ካፒታል እንደ ዕቁብ የሚመለስ አይደለም፣ አበዳሪና ገበሬ እያለህ ለባለድርሻ መመለስ በሕግም ያስጠይቅሃል። ትርፍ ሳይኖር «ትርፍ ድርሻ» ብሎ ማከፋፈሉም እንዲሁ ነው፣ ከራሳቸው ገንዘብ ነው የምትሰጣቸው። መውጣት የሚፈልግ ካለ ከሌሎቹ ባለአክሲዮኖች የሚገዛ እንዳለ በጉባኤው ፊት ይጠየቅ፣ ዋጋውም ኦዲት በተደረገው ሂሳብ ላይ ተመሥርቶ ይነገር። ዝቅተኛ ይሆናል። ይሁን፣ ቢያንስ ዋጋ አወቀ። የመተዳደሪያ ደንባችሁ ስለ አክሲዮን ዝውውር የሚለውንም ከጠበቃ ጋር አንብበው፣ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ብዙ ነገር ለውጧል።

የአጎትህን ልጅ በተመለከተ፣ ስልክ አትደውል። ወረቀቱን ላክለት፣ ከላይ ያለውን የዶላር ስሌት ራስህ ሠርተህ ጨምርበት፣ ገንዘብም አትጠይቀው። ለማንበብ ሁለት ሳምንት ስጠው።

የራስህን የሊትር ሂሳብ ካወጣህ በኋላ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ጥሬ ወተት፣ ማሸጊያ፣ ተመላሽ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የ2016 እና የ2017 ሽያጭ በሊትር። ሁለተኛውን ዙር መጠየቅ ይገባሃል አይገባህም የሚለውን ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።